ትራክተሩ ጠዋት አልነሳ ሲል ናፍጣው ረግቶ ነው ወይ?

የጠያቂያችን መልእክት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ የሚያድር ትራክተር አለኝ። የቆየ ማሴ ፈርጉሰን ነው፣ ባለ 4 ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር። ውሃ ቦቴ እየጎተተ አበባና ሣር ያጠጣል። ከጥቅምት መጨረሻ ወዲህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አልነሳ ይላል። ነጭ ጭስ እያወጣ ይዞራል እንጂ አይነሳም። አንዳንድ ቀን እንደምንም ይነሳና 5 ደቂቃ ሳይሞላው ቀስ እያለ ይጠፋል። 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲመታው ምንም እንዳልነበረበት ይሠራል። መካኒኩ ናፍጣው በብርድ ረግቷል ብሎ ቤንዚን አስቀላቀለኝ፤ ለውጥ የለም። ኦፕሬተሩ ደግሞ ፊልትሮው ሥር የከሰል ማንደጃ ማስቀመጥ ጀምሯል። ናፍጣ እንዳይረጋ የሚያደርገውን ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል ልግዛ? ወይስ ሞተሩ ይውረድ? የትራክተሩን ፎቶ አያይዣለሁ።»

ናፍጣው አልረጋም። ማስረጃው ደግሞ እርስዎ በጻፉት ጥያቄ ውስጥ አለ። ነጭ ጭስ ብለዋል። ሞተሩ ገና ሳይነሳ፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) እያዞረው ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) የሚወጣው ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ሽታውም የናፍጣ ነው። ናፍጣው ረግቶ ቢሆን ኖሮ ፊልትሮውን አያልፍም። ፊልትሮውን ካላለፈ ሲሊንደር ጋ አይደርስም፤ ሲሊንደር ጋ ካልደረሰ ጭስ ከየት ይመጣል? ሞተሩ በባዶው ይዞር ነበር እንጂ ግቢው በጭስ አይሞላም።

ጠዋት አልነሳ ያለ የናፍጣ ሞተር ሲያጋጥም መፍቻ ከማንሳት በፊት ማርሚታውን ማየት ነው። በደንብ እየዞረ ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም ማለት ነው። በደንብ እየዞረ ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣ ደርሷል፣ ያነሰው ሙቀት ነው። እየከበደው የሚዞር ወይም ቀጭ ብሎ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ነገሩ ባትሪ፣ ካቦ፣ ሞተሪኖ ወይም የወፈረ ዘይት ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆሞ ይህን ማየት ከግማሽ ቀን ልፋት ያድናል። መካኒክዎ ይህን አለማየቱ በጣም ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ቀጥሎ ያዘዘው ነገር አደገኛ ነው።

መጀመሪያ ግን የመርጋቱን ነገር እንጨርሰው። ናፍጣ ውስጥ ፓራፊን አለ፣ ሻማ የሚሠራበት ዓይነት ሰም ማለት ነው። ሲሞቅ ሟሙቶ ይኖራል። ብርዱ ሲጠና መጀመሪያ ናፍጣው ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ ጥቃቅን የሰም ቅንጣት ይሠራና ፊልትሮው ላይ ይለጠፋል፣ በመጨረሻ እንደ ቅቤ ይረጋል። ቅቤ ግን ጠዋት ጠዋት መደርደሪያ ላይ ይረጋል፤ ናፍጣ እንደዚያ በቀላሉ አይረጋም። ዓይነቱ ቢለያይም ለመርጋት በአብዛኛው ብርዱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች መድረስ አለበት። የመሃል አዲስ አበባ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 9 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው የሚያድረው። ለሰው ይበርዳል፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ለናፍጣ ግን ገና ነው።

ናፍጣ ረጋ የሚለው ወሬ የመጣው በረዶ ካለባቸው አገሮች ይመስለኛል። ከዜሮ በታች 20 እና 30 ዲግሪ በሚወርድበት አገር የሚሠሩ ገበሬዎች ቪዲዮ ይለቃሉ፣ የእኛ ልጆች ያያሉ። እነሱ ያሉት ለእነሱ ልክ ነው። እነሱ ጋ ለበረዶ ወራት የሚሸጠው ናፍጣ ራሱ ሌላ ነው። እዚህ አገር ስለ መርጋት በቁም ነገር ማሰብ ያለበት ውርጭ በሚወርድበት ደጋ የሚሠራ ሰው ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በደብረ ብርሃን ዙሪያ ወይም በባሌ ተራሮች አናት። አራት ኪሎ አይደለም። ስለዚህ ኬሚካሉን አይግዙ። የሌለ በሽታ መድኃኒት ነው።

አሁን ወደ ቤንዚኑ ልምጣ። ከዛሬ ጀምሮ ጠብታም እንዳይጨምሩ። ለሦስት ነገር መጥፎ ነው። አንደኛ፣ ቤንዚን በሙቀት ብቻ ቶሎ እንዳይነድ ተደርጎ የተሠራ ነዳጅ ነው፤ የሚነደው በካንዴላ ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ብልጭታ የለውም። ስለዚህ ቤንዚን የተቀላቀለበት ናፍጣ ጠዋት ላይ ይባስ እምቢ ይላል። ለውጥ ያላዩት ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የናፍጣ ፓምፑና ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት ኖዝሎች የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ነው፤ ሌላ ቅባት የላቸውም። ቤንዚን ያን ቅባት ያጥባል። ሦስተኛው ይበልጥ ያስፈራኛል። ናፍጣ በእኛ አየር እሳት የሚይዝ እንፋሎት እምብዛም አይሰጥም፤ ለዚያ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ቤንዚን ግን በዚያ በጠዋቱ ብርድም እንፋሎት ይሰጣል። እንግዲህ እርስዎ ቤንዚን ጨምረዋል፣ ኦፕሬተሩ ከሥር ከሰል አስቀምጧል። እባክዎ ይህን ዛሬውኑ ያስቁሙ። ታንኩ ውስጥ ድብልቁ ካለ፣ ከሰሉም ሲጋራውም ከግቢው ከወጣ በኋላ ክዳን ባለው ጀሪካን ያውጡት። የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ወይም ሣሩ ላይ አይድፉት።

ነጭ ጋዝ መቀላቀልስ ለሚለኝ ሰው፣ በበረዶ አገር ድሮም የሚደረግ ነገር ነው፤ ናፍጣው ቶሎ እንዳይረጋ ይረዳል። ቅባቱን ግን ይቀንሳል። ከተማ ውስጥ ላለ ትራክተር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? የገለጹትን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ሳይሆን ሁለት በሽታ ነው የታየኝ። ነጭ ጭስ እያወጣ አለመነሳቱ አንድ ነው። ተነስቶ በ5 ደቂቃ ውስጥ መጥፋቱ ሌላ ነው። ፀሐይ ሁለቱንም ስለምታሽል አንድ መስለው ታዩ።

ከመጀመሪያው እንጀምር። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንደሚሞቅ ያውቃል። አየር ሲጨመቅ ይግላል። የእርስዎ ሞተር አየሩን ወደ 16 እጥፍ ገደማ ይጨምቀዋል፤ ጤናማ ሞተር በደንብ ሲዞር አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይነዳል። ጠዋት ግን አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ብረቱም ቀዝቃዛ ነው። መሃል አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ያለው አየር ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሳስቶ የገባ አየር ሲጨመቅም የሚይዘው ሙቀት ያንሳል። በዚህ ላይ ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ካዞረ ያቺው ሙቀት በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል ትሸሻለች፣ አየሩም በፒስተን ሪንጎቹ በኩል ያፈተልካል። ናፍጣው ይረጫል፣ አይነድም፣ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። የእርስዎ ታሪክ ይኼው ነው።

ለዚህ ሞተር ጠዋት ሙቀት የምትሰጠው አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች። ብዙ መካኒክ «ካንዴሌታ ይቀየር» ይላል፤ ሲሊንደር ውስጥ የምትገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማለቱ ነው። እንዲህ ያሉት የቆዩ ፐርኪንሶች ግን በየሲሊንደሩ ካንዴሌታ የላቸውም። ያላቸው ቴርሞስታርት ነው። አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ላይ ትሰካለች፣ አውራ ጣት የምታህል ናት፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦና አንዲት ቀጭን የናፍጣ ቱቦ ይገባባታል። ቁልፉ ወደ ማሞቂያው ሲዞር ውስጧ ያለው ሽቦ ይግላል፣ ጥቂት ናፍጣ ይንጠባጠብባታል፣ ትንሽ ነበልባል ትሠራለች። ሞተሩ ሲዞር የሚስበው አየር በዚያ ነበልባል ላይ አልፎ ሞቆ ይገባል። ሥራዋ ይኼ ብቻ ነው፤ በብርድ ጠዋት ግን ከሁሉም በላይ እሷ ታስፈልጋለች።

አምና ታኅሣሥ ፒያሳ አጠገብ አንድ ትራክተር እንዳይ ተጠራሁ። ሞተሩ ሊወርድ ቀን ተቆርጦለታል። ነጭ ጭሱ እንደ እርስዎው ነው። ማኒፎልዱን ሳይ የቴርሞስታርቷ ሽቦ ተነቅሏል፤ ጫፉ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ ወደ ጎን ታስሯል። ማን እንዳሰረው የሚያውቅ የለም። ፕላስተሩን ልጬ፣ ሽቦውን በአሸዋ ወረቀት አጽድቼ መለስኩት። ቀጭኗ ቱቦ ባዶ ነበረች፣ ናፍጣ እስኪመጣባት ጠበቅን። 20 ሰከንድ አሞቅን። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ተነሳ። ባለቤቱ ዝም ብሎ ቆሞ ማርሚታውን ያይ ነበር፤ ለሞተር ማውረጃ ገንዘብ ተበድሮ ነበርና።

ስለዚህ እርስዎም ይህችን ዕቃ ያስፈትሹ። ሽቦው ላይ ቴስተር ይደረግ፤ ቁልፉ ማሞቂያ ላይ ሲሆን 12 ቮልት ገደማ መድረስ አለበት። 15 ሰከንድ ቆይተው ገላዋን በጥንቃቄ ሲነኳት መሞቋ መታወቅ አለበት። ካልሞቀች ውስጧ ተቃጥሏል፣ ትቀየር። ሶማሌ ተራ የትራክተር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሮጌዋን ይዘው ቢሄዱ ያውቋታል። ቀጭኗ ቱቦ ላይ ናፍጣ መኖሩም ይታይ። ሌላው ደግሞ ኦፕሬተሩ ነው። ቁልፉን በአንድ ትንፋሽ ጠምዝዞ የሚያስነሳ ከሆነ ቴርሞስታርቷ ደህና ብትሆንም ዋጋ የላትም። ቁልፉን ማሞቂያው ላይ አድርጎ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ መጠበቅ አለበት። ከዚያ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍቶ ያስነሳ። ፍሪሲዮን መርገጡ ሞተሪኖው የቀዘቀዘውን የካምቢዮ ዘይት አብሮ እንዳያዞር ይረዳዋል። እንደተነሳ ነዳጁን ወዲያው ይቀንስ። በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ ማዞር የለበትም፤ ካልተነሳ አንድ ሁለት ደቂቃ ያሳርፈው። ሞተሪኖ የሚቃጠለው ሳያሳርፉ ሲያዞሩት ነው።

ቀጥሎ የመዞሩ ፍጥነት። ባትሪ በብርድ አቅሙ ይቀንሳል፣ ያውም ሞተሩ የበለጠ ኃይል በሚፈልግበት ሰዓት። ጠዋት ከመነካቱ በፊት ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ካለው ሞልቷል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ አልተሞላም። አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ግን ካቦዎቹን ይዩ። ለ10 ሰከንድ ካስዞሩ በኋላ የካቦውን ጫፎች አንድ በአንድ በእጅ ይንኩ። የሞቀው ጫፍ ላይ ነው ኃይሉ የሚባክነው። በተለይ ወደ ሻሲው የሚሄደው የማሳ ካቦ ይረሳል። ይፈታ፣ በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ፣ በደንብ ይጥበቅ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ ዘይቱ አልነገሩኝም። ብዙ አሮጌ ትራክተር 40 ቁጥር ዘይት ይጠጣል። ያ ዘይት ሲሞቅ ጥሩ ነው፤ በ7 ዲግሪ ግን እንደ ማር ይወፍራል፣ ሞተሪኖውንም ያደክማል። በሚቀጥለው ቅያሪ 15-40 የሚባለውን ያድርጉ። ጠዋት ይቀጥናል፣ ሲሞቅ ደግሞ እንደ 40ው ይሠራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው በሽታ። ተነስቶ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ቀስ እያለ የሚጠፋ ሞተር ናፍጣ አጥቷል። ይህ ሙቀት አይደለም፤ አንዴ ከነደደ ሙቀቱን ራሱ ይሠራል። ፊልትሮዎቹና ቱቦዎቹ ውስጥ ያለውን ጨርሶ ከታንኩ በቂ ሳይመጣለት ሲቀር ነው እንዲህ የሚሆነው። ለምን አልመጣም?

የላኩትን ፎቶ አስፍቼ አየሁት። የናፍጣ ታንኩ ክዳን በፌስታል ተሸፍኗል፣ በጎማ ገመድም ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። በክረምት ዝናብ እንዳይገባ ተብሎ ይመስለኛል፤ አሳቢነት ነው። ነገር ግን ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለች። ናፍጣው ሲቀንስ በዚያች በኩል አየር መግባት አለበት። እሷ ከተዘጋች ታንኩ እንደታሸገ ጠርሙስ ነው። ብርዱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ትራክተሩ ሥራ ጨርሶ ሲቆም ታንኩ ውስጥ ያለው አየር ሞቋል፣ 23 ዲግሪ እንበል። ሌሊት ወደ 8 ዲግሪ ይወርዳል። አየሩ በ5 በመቶ ያህል ይኮማተራል፣ ናፍጣውም ጥቂት ይኮማተራል። አየር የሚገባበት ስለሌለ ታንኩ ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል። የእርስዎ ትራክተር ታንክ ከሞተሩ በላይ ነው፤ ናፍጣው በራሱ ክብደት ወርዶ ነው ትንሿን መጋቢ ፓምፕ የሚያግዛት። ያ መሳብ እገዛውን ያጠፋዋል። 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ታንኩን ስታሞቀው አየሩ መልሶ ይለጠጣል፣ ናፍጣውም ይወርዳል።

ልክ መሆኔን ማወቅ ቀላል ነው። ነገ ጠዋት ማንም ሳይነካው ፌስታሉን ይፍቱና ክዳኑን ቀስ ብለው ይክፈቱ። ጆሮዎን ጠጋ ያድርጉ። «ፍስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ሲገባ ከሰሙ አገኙት። ፌስታሉን ይጣሉ፣ የክዳኑን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ይጥረጉ። ክዳኑ ከተሰበረ ትክክለኛውን ይግዙ። ድምፅ ካልሰሙም ፌስታሉ መነሳት አለበት።

ክዳኑ ብቻ ላይሆን ይችላል። ከክረምቱ የተረፈ ውሃ እንዳለ እጠረጥራለሁ። ናፍጣው ከማደያ ወጥቶ በርሜል ውስጥ የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ጥርጣሬዬ ይበረታል። ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚያድር በርሜል አናቱ ላይ የዝናብ ውሃ ያቁራል። ቀን ይሞቃል፣ አየር ያስወጣል። ማታ ይቀዘቅዛል፣ ይስባል። ቡሽው ጠብቆ የተዘጋ ቢመስልም ያቆረውን ውሃ በጥርሱ በኩል ትንሽ ትንሽ እያለ ይጠጣዋል። ባለቤቱ «ዘግቼዋለሁ» ብሎ ይምላል፤ እውነቱን ነው፣ ግን ውሃ ገብቷል። በርሜሉ ከጣሪያ ሥር ይሁን። ካልሆነም ውሃ ቡሽው ላይ እንዳይቆም በአንድ በኩል ዘንበል ይበል። የመቅጃው ቱቦም መሬት አይንካ፣ አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ሁልጊዜ ከታች ነው። ታንኩም ላይ እንዲሁ፣ ማታ ሞልቶ ቢያድር ጤዛ የሚሠራበት ባዶ ቦታ አይኖርም።

ይህን ለማየት አንድ ንጹሕ የውሃ ሃይላንድ ይበቃል። ዛሬ ማታ ከታንኩ ሥር ወይም ከፊልትሮው ማውረጃ ግማሹን ያህል ይቅዱና ትራክተሩ አጠገብ ያሳድሩት። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይሁን፣ ላዩም ላይ ናፍጣ ብለው ይጻፉበት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወደ ብርሃን አንስተው ይዩት። ጥርት ብሎ ቢጫ ከሆነ ናፍጣው አልረጋም፤ ለመካኒኩም ያሳዩት። ከታች የሚንቀሳቀስ ነጭ ጠብታ ወይም መስመር ካለ ውሃ ነው። በውሃውና በናፍጣው መሃል ጠቆር ያለ ዝልግልግ ነገር ካለ ደግሞ በውሃው ላይ የሚያድጉ ተሕዋስያን ናቸው፤ ፊልትሮ የሚዘጉት እነሱ ናቸው። ያኔ ታንኩ ወርዶ መታጠብ አለበት፣ ፊልትሮ መቀየር ብቻ አይበቃም።

ፊልትሮዎቹ መቼ እንደተቀየሩ ካላስታወሱ ይቀየሩ። ሁለት ከሆኑ ሁለቱም። የተዘጋ ፊልትሮ በሙቀት ቀን እንደምንም ያሳልፋል፤ በብርድ ናፍጣ ወፈር ስለሚል እምቢ ይላል። ከታንኩ መውጫ ላይ ያለችውን ወንፊትም አይርሱ። ከተቀየረ በኋላ አየር ማስወጣት ግድ ነው። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችው ብሎን ፈታ ትበል፣ መጋቢ ፓምፑ ጎን ያለችውን ማንሻ በእጅ ይምቱ። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል። አረፋው አልቆ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲመጣ ብሎኗን ያጥብቁ፣ ከዚያ ፓምፑ ላይ ያሉትን በተራ። ማንሻዋ ላላ ብላ ምንም የማትገፋ ከሆነ ተበላሽታ ላይሆን ይችላል። ሞተሩን በሞተሪኖ ትንሽ ዞር አድርገው እንደገና ይሞክሯት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ላስጠንቅቅ። ከፓምፑ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱት የብረት ቱቦዎች ውስጥ ያለው ግፊት ከ200 ባር በላይ ይደርሳል። የሚያፈስ ቦታ በጣት አይፈለግም። ያ ግፊት ናፍጣውን ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ያስገባዋል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው፣ መጀመሪያ ላይም ላያም ይችላል። እጅ ግን ሊቆረጥ ይችላል። እንዲህ ያጋጠመው ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ፣ ናፍጣ በግፊት እንደገባበትም ይናገር። ማፍሰሱን በካርቶን ነው የሚፈልጉት። ኮመን ሬል የሚባለው በጣም ከፍተኛ ግፊት ያለው የናፍጣ መስመር ያለበት አዲስ ትራክተር ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ሞተሩ ሲዞር እነዚያን ቱቦዎች ጭራሽ እንዳትፈቱ፤ ግፊቱ ከ1,000 ባር ያልፋል።

አየር ማስገቢያው ላይ የሚረጨው የማስነሻ ስፕሬይ ለእርስዎ ትራክተር አይሆንም። ውስጡ ኤተር ነው፣ ቴርሞስታርቷ ደግሞ ነበልባል ናት። ሁለቱ ማኒፎልድ ውስጥ ሲገናኙ ይፈነዳል፤ ሰው ያቃጥላል፣ ፒስተንም ይሰብራል። የፈላ ውሃ ናፍጣ ፓምፑ ላይ ማፍሰስም እንዲሁ ክልክል ነው፤ ውስጡ ያሉት ብረቶች እጅግ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፣ ባንድ ጎን በድንገት ሲሞቁ ይነክሳሉ።

ሞተሩ ይውረድ ወይ ላሉት፣ አሁን አይውረድ። እስካሁን የነገሩኝ ነገር ሁሉ ሞተር ሳይወርድ የሚታይ ነው። 3 ሰዓት ላይ ያለ ችግር የሚነሳና ቀኑን ሙሉ ቦቴ የሚጎትት ሞተር ያለቀለት ሞተር አይመስልም። በእርግጥ ኮምፕሬሽኑ (አየር የመጨመቅ አቅሙ) ትንሽ የቀነሰ ሞተር መጀመሪያ የሚታወቀው በብርድ ጠዋት ነው። ስለዚህ ክዳኑ፣ ውሃው፣ ፊልትሮው፣ ቴርሞስታርቷና ካቦው ተስተካክለው ነጭ ጭሱ ከቀጠለ ኮምፕሬሽን በመለኪያ ይለካ፤ ኖዝሎቹም ወጥተው የኖዝል መሞከሪያ ባለው ቤት ይታዩ። የሚንጠባጠብ ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨት ሲገባው ያፈሰዋል፣ የፈሰሰ ናፍጣ ደግሞ በብርድ አይነድም። ሌላ አንድ ምልክት አለ። ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭሱ ካልቆመና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሆነ ያ ጭስ ናፍጣ ሳይሆን የውሃ እንፋሎት ነው፤ ጓርኒሲዮኑን (ከሞተሩ ራስ ሥር ያለውን ማሸጊያ) ይመለከታል። በዚያ ሁኔታ ትራክተሩ አይሥራ፣ ወዲያው ይታይ።

ቅደም ተከተሉን አያዛቡት። ዛሬ ከሰሉ ይውጣ፣ ቤንዚን የነካው ናፍጣ ይውጣ፣ ሃይላንዱ ይቀዳ። ነገ ጠዋት ክዳኑን ይክፈቱ፣ ያዳምጡ፣ ሃይላንዱን ይዩ። ከነገ ወዲያ ፊልትሮዎቹና ካቦዎቹ፣ ቀጥሎ ቴርሞስታርቷ። በየመሃሉ አንድ አንድ ጠዋት ያስነሱትና ምን እንደተለወጠ ይጻፉ፤ ሁሉንም ባንድ ቀን ከቀየሩ የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም። ያም ሆኖ እምቢ ካለ መልሰው ይጻፉልኝ። ስትጽፉልኝ ግን ሦስት ነገር አይጉደል፦ ጠዋት ሞተሪኖው እያዞረ ባትሪው ስንት ቮልት እንዳሳየ፣ ክዳኑ ሲከፈት ድምፅ መኖሩና አለመኖሩ፣ ሃይላንዱ ሥር የታየው ነገር።